ባሕር በመስታወት ሣጥን፦ የትንሹ የኮራል ገንዳ ታሪክ

ትንሹ የኮራል ገንዳ ከ20 እስከ 40 ሊትር ጨዋማ ውሃ የሚይዝ የመስታወት ሣጥን ነው። በውስጡ ሕይወት ያላቸው ኮራሎች፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎችና አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ዓሦች ይኖሩበታል። ዛሬ ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው በጠረጴዛ ላይ ሊያቋቁመው ይችላል፤ እዚህ ለመድረስ ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በባሕር ውስጥ ዓሣ የሚጥለው ቆሻሻ ወዲያው ይበተናል፤ የውሃው ሙቀትና ጨዋማነትም ከቀን ወደ ቀን እምብዛም አይለወጥም። በ20 ሊትር ውስጥ ግን ሞታ ሳትታይ የቀረች አንዲት ቀንድ አውጣ በአንድ ሌሊት ውሃውን ሁሉ ልትመርዘው ትችላለች። በባሕር ቆሻሻውን የሚያጸዱት፣ ኮራሉን የሚመግቡትና አጽሙን የሚያቆሙለት ሠራተኞች በዓይን አይታዩም። የገንዳው ታሪክ በአመዛኙ እነዚህን ሠራተኞች አንድ በአንድ የማወቅ ታሪክ ነው። ሳይታወቁ በቆዩበት ዘመን ሰዎች ጉድለቱን በውሃ ብዛት ለመሙላት ሞከሩ፤ በታወቁ ጊዜ ሣጥኑ ማነስ ቻለ። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባሕር እንስሳን በመስታወት ውስጥ አኑሮ በዘዴ ማጥናት የተጀመረው በሲሲሊ ደሴት ነው። ዣን ቪልፕሩ-ፓወር በፈረንሳይ ገጠር ተወልዳ በፓሪስ በልብስ ስፌት ስም ያወጣች፣ በኋላም ከባሏ ጋር በመሲና ከተማ የኖረች ሴት ነበረች። የዘመኑ ሊቃውንት አርጎናውት የተባለው የኦክቶፐስ ዘመድ የሚኖርበትን ስስ ቅርፊት ራሱ ይሠራዋል ወይስ ከሌላ እንስሳ ይወስደዋል እያሉ ይከራከሩ ነበር። እርሷ ከ1832 ጀምሮ የመስታወት ገንዳዎች አሠርታ እንስሳውን ከነሕይወቱ አኖረችው። ቅርፊቱን ሰብራ ብትተወውም ራሱ ሲጠግነው ተመለከተች፤ ክርክሩም በዚህ ተቋጨ። መሲና የባሕር ዳር ከተማ ስለሆነች ያረጀውን ውሃ ደፍቶ አዲስ መቅዳት ቀላል ነበር። ከባሕር ርቆ የሚኖር ሰው ምን ያድርግ የሚለው ጥያቄ ገና አልተነሣም።

ይህን ጥያቄ በተግባር ያነሣችው እንግሊዛዊቷ አና ቲን ናት። ባሏ የዌስትሚንስተር ገዳም ምክትል አለቃ ስለነበር መኖሪያዋ በለንደን መካከል ነበር። በ1846 በደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ ባለችው ቶርኪ ሳለች ኩባያ የሚመስሉ ትንንሽ ድንጋያማ ኮራሎች አይታ ወደደቻቸው፤ ውሃ በተሞላ ማሰሮ አድርጋም ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። መጀመሪያ የባሕር ውሃ እያስመጣች ትለውጥላቸው ነበር። ይህ ሲከብዳት ያንኑ ውሃ መልሶ መላልሶ መጠቀም የሚቻልበትን መንገድ ፈለገች። የቤት ሠራተኛዋ በተከፈተ መስኮት ፊት ቆማ ውሃውን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ታንቆረቁረው ጀመር። ውሃው በዚህ ኦክስጅን ያገኝ ነበር፤ የመጀመሪያው የገንዳ አየር ፓምፕ የአንዲት ልጅ ክንድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዓመቱ የባሕር አልጌዎች ጨመረችበት፤ እነርሱም በቀን ብርሃን ኦክስጅን እየሰጡ የሠራተኛዋን ድካም አቀለሉላት። ኮራሎቹ ለዓመታት ኖሩ፤ ተባዙም። ቲን ያየችውን በ1859 በአንድ የተፈጥሮ ሳይንስ መጽሔት አሳተመች።

ይህ ስኬት ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል በሞቃታማ ኮራሎች ላይ ሊደገም አልቻለም፤ ምክንያቱም ከእንስሳው ዓይነት የመጣ ነው። የእንግሊዝ ኩባያ ኮራል ቀዝቃዛና ደብዛዛ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ምግቡን ጣት በሚመስሉ ክንዶቹ ይዞ የሚበላ እንስሳ ነው፤ ብርሃን አያስፈልገውም። የሞቃታማው ባሕር ኮራል ግን ሌላ ፍጥረት ነው ለማለት ይቀላል፤ ለምን እንደሆነም ለብዙ ጊዜ ማንም አላወቀም።

በለንደን ሌሎችም በተመሳሳይ መንገድ ላይ ነበሩ። ሐኪሙ ናታንኤል ዋርድ በታሸገ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተክል ያለ እንክብካቤ እንደሚኖር አሳይቶ ነበር። ኬሚስቱ ሮበርት ዋሪንግተን በ1850 ዓሣ፣ ተክልና ቀንድ አውጣ ባንድነት ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ጉድለት እንደሚሞላ በጽሑፍ አስረዳ፤ ቀጥሎም ሙከራውን በባሕር ውሃ ደገመው። በ1845 በመስታወት ላይ ይጣል የነበረው ቀረጥ በመነሣቱ ሰፊ መስታወት ረክሶ ነበር። የባቡር ሐዲድም የባሕር እንስሳን ሳይሞት ከጠረፍ ወደ ከተማ ማድረስ ጀምሮ ነበር። በግንቦት 1853 የለንደን የእንስሳት ማሳያ ቦታ በሬጀንትስ ፓርክ ለሕዝብ የተከፈተ የዓሣ ቤት አቋቋመ። በ1854 ደግሞ የተፈጥሮ አጥኚው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለ ባሕር ገንዳ የጻፈው ባለ ቀለም ሥዕል መጽሐፍ ወጣ፤ ሀብታሙም መካከለኛውም ቤተሰብ በሳሎኑ ገንዳ ለማቆም ተሽቀዳደመ።

ጎስ ለታሪኩ ያበረከተው መጽሐፉን ብቻ አይደለም። የምግብ ጨው፣ የማግኒዥየም ሰልፌት፣ የማግኒዥየም ክሎራይድና የፖታሲየም ክሎራይድ በልክ ቀላቅሎ በንጹሕ ውሃ በማሟሟት ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ አዘጋጀ፤ አልጌና ትንንሽ እንስሳትም ኖሩበት። ከባሕር የራቀ ሰው ባሕሩን በዱቄት መልክ ቤቱ ማስገባት እንደሚችል የታየው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ምርምር ሐሳቡን ጽኑ መሠረት ሰጠው። ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን የዞረችው ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ ከየውቅያኖሱ ካመጣችው ውሃ ውስጥ ዊልያም ዲትማር 77 ናሙናዎች መርምሮ ነበር። ጨዋማነታቸው ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ዋና ዋናዎቹ የጨው ዓይነቶች እርስ በርስ ያላቸው ምጣኔ በሁሉም ዘንድ አንድ መሆኑን በ1884 አስታወቀ። አንድ ቀመር ለሁሉም ባሕር ይሠራል ማለት ነው።

የሳሎን ገንዳው ፋሽን ብዙም አልቆየም። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ውሃው ሲደፈርስና ሲሸት ብቻ ነበር፤ ምክንያቱን አያውቅም። ገንዳው ሲሞት ወደ ጠረፍ ሄዶ ሌላ እንስሳ ይለቅም ነበር። ይህ ያስከተለው ጉዳት ሊሸፋፈን አይገባም፦ ጎስ ራሱ ያሞገሳቸው የዴቨን የድንጋይ ኩሬዎች በሰብሳቢዎች ተራቆቱ፤ ልጁ ኤድመንድ ጎስም በ1907 ባሳተመው የሕይወት ትዝታ መጽሐፉ አባቱ በዚህ እንዴት እንዳዘነ ጽፏል። ባሕርን ወደ ቤት የማስገባት ፍቅር ባሕሩን ራሱን ሊጎዳ እንደሚችል የታወቀው ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ከቤት ወጥቶ ወደ ትላልቅ ተቋማት ሄደ። የገንዳ ነጋዴ የነበረው ዊልያም አልፎርድ ሎይድ ውሃ የሚበላሸው ስለሚያንስና ስለሚቆም ነው ብሎ ተነሣ። በ1871 በለንደን ክሪስታል ፓላስ በተከፈተው ማሳያ ከገንዳዎቹ በታች ጨለማ የሆነ ሰፊ ማጠራቀሚያ አሠራ፤ ማጠራቀሚያው በማሳያዎቹ ካለው ውሃ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። በእንፋሎት የሚሠራ ፓምፕ ውሃውን ሌት ተቀን ያዘዋውረው ነበር። በኔፕልስ አንቶን ዶርን ያቋቋመው የባሕር ምርምር ጣቢያም በ1874 ማሳያውን ለሕዝብ ከፈተ። የሎይድ ዘዴ ሠራ፤ ሆኖም የሠራበትን ምክንያት ሎይድም አላወቀም። በቧንቧውና በማጠራቀሚያው ግድግዳ ላይ የተጣበቁት ባክቴሪያዎች ነበሩ ውሃውን የሚያጸዱት። ፈረንሳውያኑ ሽሎዚንግና ሙንትስ በ1877 አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጠው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አሳዩ፤ በ1890 ገደማም ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ባክቴሪያዎቹን ለይቶ አወጣቸው። ግኝቱ የተገኘው ለአፈር ጥናት ስለነበር ከገንዳ ጠባቂዎች ዘንድ ለመድረስ ብዙ አሥርተ ዓመታት ወሰደበት።

ስለ ሞቃታማው ኮራል የሚነገረው ዕውቀት በትልቅ ድርሻው ከቀይ ባሕር የተነሣ ነው። ክርስቲያን ኤረንበርግና ዊልሄልም ሄምፕሪሽ የተባሉ ጀርመናውያን ከ1820 እስከ 1825 በግብፅና በቀይ ባሕር ዳርቻ ዞረው እንስሳትን ሰበሰቡ። ሄምፕሪሽ በ1825 ምጽዋ ላይ ሞተ፤ ኤረንበርግ ተመልሶ በ1834 ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች የደረሰበትን አሳተመ። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ደግሞ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀውን የቀይ ባሕር ባለ ሁለት ቀለበት ክላውን ዓሣ በ1830 ለሳይንስ አስተዋወቀ። ሩፔል ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ በምጽዋ በኩል ገብቶ ሰሜንንና ጎንደርን የጎበኘው፣ ዋልያንና ጭላዳንም በሳይንስ ስማቸው የሰየማቸው እርሱ ነው። ከ1835 ጀምሮ በታተመው ስለ አቢሲኒያ እንስሳት በሚናገረው ሥራው ውስጥ የሰሜን ተራሮች አውሬና የቀይ ባሕር ዓሣ ጎን ለጎን ይገኛሉ።

የሞቃታማው ኮራል ምስጢር በሥጋው ውስጥ ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ካርል ብራንት በአንዳንድ የባሕር እንስሳት ሥጋ ውስጥ የሚታዩት ቢጫ ነጠብጣቦች ራሳቸውን የቻሉ አልጌዎች መሆናቸውን ገለጸ። አልጌው ከኮራሉ መጠለያና ንጥረ ነገር ያገኛል፤ በብርሃን የሠራውን ስኳር ደግሞ ለኮራሉ ያካፍላል። በ1959 ቶማስ ጎሮ በጃማይካ በራዲዮአክቲቭ ካልሲየም ተጠቅሞ ኮራል በብርሃን ጊዜ አጽሙን ከጨለማው ጊዜ በብዙ ፍጥነት እንደሚገነባ አረጋገጠ። ሞቃታማ ኮራል በለንደን ጨለማ ሳሎን ያልኖረው ለዚህ ነው፦ ተርቦ ነበር የሚሞተው።

በ20ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ የባሕር ዓሣ ማርባት እንደገና ሲነሣ ይህ ዕውቀት ከሳይንስ መጽሔት አልወጣም ነበር። ገንዳዎቹ የብረት ፍሬም ነበራቸው፤ ጨዋማው ውሃ ብረቱን ያዝገዋል፣ ዝገቱም ውሃውን ይበክላል። ዓሣ ሲታመም መድኃኒቱ መዳብ ነበር። መዳብ የዓሣን ተውሳክ ይገድላል፤ ኮራልን፣ ቀንድ አውጣንና ሸርጣንንም ይገድላል። ስለዚህ ባለገንዳው የኮራል አጽም በበረኪና አንጥቶ ለጌጥ ያስቀምጥ ነበር። ንጽሕና ማለት ሕይወት አልባነት ነው የሚል እምነት የዘመኑ ትልቅ ስሕተት ሆኖ ቆየ።

ስሕተቱን ያጋለጠው ከአውሮፓም ከአሜሪካም ሳይሆን ከጃካርታ የመጣ ሰው ነው። ኢንዶኔዥያዊው ሊ ቺን ኤንግ በ1961 በአንድ የአሜሪካ የዓሣ መጽሔት ላይ የራሱን ዘዴ አስነበበ። ማጣሪያ አልነበረውም፤ መድኃኒት አይጨምርም፤ ምንም ነገር አይቀቅልም። ከባሕር ውሃ፣ አሸዋና ሕያው አለት ያመጣል፤ ከቀጭን ቱቦ የሚወጣ ጥቂት የአየር አረፋ ይለቅበታል፤ ገንዳውንም የቀን ብርሃን በሚያገኝበት ቦታ ያኖረዋል። ኮራሎቹም ዓሦቹም ኖሩ። ሕያው አለት የሚባለው የጥንት ኮራሎች ቀዳዳ የበዛበት አጽም ሲሆን፣ ባክቴሪያ፣ አልጌ፣ ስፖንጅና ትል ሰፍረውበታል። በውጭው ገጹ ኦክስጅን የሚወዱት ባክቴሪያዎች መርዛማውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ ኦክስጅን በማይደርስበት ውስጡ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። ሎይድ በሰፊ ማጠራቀሚያ የፈለገው ጽዳት ሁሉ በአንዲት ጉርድ ድንጋይ ውስጥ ነበረ። ብዙ ምዕራባውያን ሞክረው አልተሳካላቸውም። አለቱ በጉዞ ላይ ስለሚሞትና በሰሜን አገሮች የመስኮት ብርሃን ስለማይበቃ ውጤቱ የሸተተ ገንዳ ሆነ። ጽሑፉም ለሃያ ዓመት ያህል እንደ ተረት ታየ። ለትንሽ ገንዳ ታሪክ ግን ከዚህ ሰው የሚበልጥ ስም የለም ማለት ይቻላል።

በዚያው ዘመን የዝገቱ ችግር መፍትሔም ይመጣ ነበር። በሲሊኮን ሙጫ የተያያዘ ያለ ብረት ፍሬም የቆመ ገንዳ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተስፋፋ፤ ኢንስታንት ኦሽን የተባለው በፋብሪካ የተዘጋጀ የባሕር ጨው በ1964 በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። ስቲቨን ስፖት በ1970 ባወጣው መጽሐፍ የባክቴሪያን ሥራ ገንዳ ለሚጠብቁ ሰዎች በሚገባቸው መንገድ አብራራ። በምዕራብ ጀርመን ፕሮቲን ስኪመር የተባለው መሣሪያ ተሻሻለ። ስኪመር በቧንቧ ውስጥ ደቃቅ የአየር አረፋ እየነዛ፣ ከአረፋው ጋር የሚጣበቀውን ቆሻሻ ሳይበሰብስ ከውሃው ያወጣዋል።

ፔተር ቪልከንስ በ1973 ስለ ባሕር አከርካሪ አልባ እንስሳት ባሳተመው መጽሐፍ የኖራ ውሃን አስተዋወቀ። ድንጋያማ ኮራል አጽሙን ሲሠራ ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት ይወስዳል፤ በዝግ ገንዳ ውስጥ ደግሞ የሚተካው የለም። በንጹሕ ውሃ የሟሟ ኖራ በተነነው ውሃ ምትክ በጠብታ ሲጨመር ሁለቱንም ይመልሳል። በርሊን የነበሩት እነ ዲትሪሽ ስቱበር ሕያው አለትን፣ ስኪመርን፣ የኖራ ውሃንና ኃይለኛ የሜታል ሃላይድ መብራትን ባንድነት አዋሉ። አክሮፖራ የተባለው ቅርንጫፋም ኮራል በስቱበር ገንዳ አድጎ ተቆራረጠ፤ ቁራጮቹም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ በብዙ አገር ተዳረሱ። የበርሊን ዘዴ ተብሎ የቀረው አሠራር የሊ ቺን ኤንግን አለት ከብርሃንና ከኬሚስትሪ ጋር ያጋባ ነው።

የምርምር ተቋማትም ዝም አላሉም። በዋሽንግተን ስሚዝሶንያን ዋልተር አዴይ ያዘጋጀው ሕያው የኮራል ማሳያ በ1980 ተከፈተ። በሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ዣን ዦበር ከወፍራም አሸዋ በታች ባዶ ቦታ በመተው ውሃን የማጽዳት ዘዴ ሞክሮ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከጅቡቲ በመጡ ኮራሎች ትልቅ ገንዳ አቆመ።

ለቤት የሚሆነው ትንሽ የኮራል ገንዳ በሰፊው የታወቀው በ1986 ነው። ጆርጅ ስሚት በአንድ የአሜሪካ የገንዳ መጽሔት ላይ በተከታታይ ጽሑፎች ኮራል የሞላበት የሳሎን ገንዳ ከነአሠራሩ አሳየ። የእርሱ ዘዴ ውሃን በፕላስቲክ ኳሶች ላይ በማንጠባጠብ አሞኒያን ያጠፋ ነበር፤ ናይትሬቱ ግን ይከማቻል። በ1990ዎቹ አለቱና ስኪመሩ ኳሶቹን ተኩ። ቻርልስ ዴልቢክና ጁልያን ስፕረንግ በ1994 ያወጡት መጽሐፍ ይህን አዲስ አሠራር ለብዙዎች አደረሰ። ያን ጊዜም ቢሆን ከ200 ሊትር በታች ያለ ገንዳ ለጀማሪ አይመከርም ነበር፤ ትልቁ እንቅፋት ሙቀት ነበር። 150 ዋት የሚወስድ ሜታል ሃላይድ በ20 ሊትር ውሃ ላይ ቢሰቀል ውሃው ወዲያው ይግላል። አነስተኛ የታጠፉ የፍሎረሰንት አምፖሎች ሲመጡ ጥቂት ደፋሮች ገንዳውን አሳነሱት፤ ናኖ የሚለው ስያሜም ያኔ ተለመደ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ የመጣው የኤልኢዲ መብራት ጥቂት ሙቀት ብቻ ወደ ውሃው እየለቀቀ ኮራሉ የሚፈልገውን ሰማያዊ ብርሃን ስለሚሰጥ የመጨረሻውን በር ከፈተ።

ዛሬ 20 ሊትር ገንዳ የሚያቋቁም ጀማሪ እያንዳንዱን የታሪክ ደረጃ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልፋል። የሚጀምረው ከጎስ ጨው ነው። በሪቨርስ ኦስሞሲስ በተጣራ ውሃ ከ700 እስከ 800 ግራም የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይሟሟል፤ በኪሎ 35 ግራም ያህል ጨዋማነት ላይ መድረሱ በሪፍራክቶሜትር ይለካል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን፣ መዳብና ፎስፌት ሊኖርበት ስለሚችል አይመረጥም። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠበቃል፤ ወደ 30 ሲጠጋ ኮራሎች አልጌያቸውን እየለቀቁ ይነጣሉ።

ከዚያ በኋላ ትንሹን ገንዳ ከትልቁ የሚለየው ዋና ነገር መትነን ነው። ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም። ከ20 ሊትር ገንዳ በቀን ግማሽ ሊትር ቢተንና ለአራት ቀን ባይተካ፣ የ35 ግራሙ ጨዋማነት ወደ 39 ገደማ ይወጣል። የቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ከዚህም በላይ ጨዋማ ነው፤ የእዚያ ኮራሎች ግን ተወልደው ያደጉበት ነው። ጉዳቱ ከቁጥሩ ይልቅ ከለውጡ ፍጥነት ይመጣል። ስለዚህ በየቀኑ የተነነውን ያህል ንጹሕና ጨው የሌለው ውሃ ይጨመራል። ጀማሪዎች ከሚስቱት ሁሉ በጣም የሚጎዳው በዚህ ፋንታ ጨዋማ ውሃ መጨመር ነው።

አለቱ ከገባ በኋላ ትዕግሥት ይጠይቃል። አሞኒያ ይነሣል፣ ቀጥሎ ናይትራይት፣ በመጨረሻም ናይትሬት። ባክቴሪያዎቹ በቂ ሆነው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወደ ዜሮ እስኪወርዱ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚህ በፊት እንስሳ ማስገባት በመርዝ ውስጥ መጣል ነው። ከባሕር የመጣ አለት ሲኖር ጊዜው ያጥራል፤ ደረቅ አለት ብቻ ሲሆን ይረዝማል። ከዚያ አልጌ የሚግጡ ቀንድ አውጣዎች፣ ቀጥሎም እንደ እንጉዳይ ኮራል፣ ዞአንተስና ዜንያ ያሉ ድንጋያማ አጽም የሌላቸው ኮራሎች ይገባሉ። ከዞአንተስ ዘመዶች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ፣ በ1971 በሃዋይ ተለይቶ የታወቀ እጅግ ብርቱ መርዝ ስላላቸው ሲነኩ ጓንት ይደረጋል፤ የሰፈሩበትም አለት በፍጹም አይቀቀልም፣ እንፋሎቱ ሰው ለሆስፒታል ያበቃልና። በ20 ሊትር ውስጥ ጎቢ ከተባለው ከአንድ ትንሽ ዓሣ በላይ ማኖር አይገባም። ቀለሙ የሚያስጎመጀው ማንዳሪን የተባለው ዓሣ በተለይ መቅረት አለበት፤ ቀኑን ሙሉ በአለት ላይ የሚርመሰመሱ ደቃቅ እንስሳትን እየለቀመ ስለሚኖር በትንሽና በአዲስ ገንዳ ውስጥ በረሃብ ይሞታል።

ስኪመርና የኖራ ውሃ በዚህ መጠን ግድ አይደሉም። በየሳምንቱ ከ2 እስከ 4 ሊትር ውሃ አውጥቶ በአዲስ መተካት ናይትሬቱን ይቀንሳል፤ ኮራሉ የወሰደውን ካልሲየምም ይመልሳል። የባሕር ውሃ በሊትር 410 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ብዙ ድንጋያማ ኮራል የሚያሳድግ ሰው ብቻ ይህን እየለካ ይጨምራል። ትንሽነት በዚህ በኩል ጥቅም አለው፦ በ400 ሊትር ገንዳ ከባድ ሥራ የሆነው የውሃ ለውጥ እዚህ የአንድ ባልዲ ጉዳይ ነው።

ኮራሉና አለቱ ከየት ይመጣሉ የሚለው ጥያቄ ከዴቨን ኩሬዎች ጀምሮ አልተቋረጠም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በፊሊፒንስ ዓሦችን ለመያዝ ሳያናይድ የተባለ መርዝ በኮራል አለት (ሪፍ) ላይ ይረጭ ነበር፤ የተያዘው ዓሣ በኋላ ሲሞት፣ የተረጨበት ኮራል እዚያው ይሞታል። ድንጋያማ ኮራሎች ከ1985 ጀምሮ በከፊል፣ ከ1990 ጀምሮ ደግሞ በሙሉ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገቡ። ፍሎሪዳ በ1989 ከጠረፍ ውሃዋ ሕያው አለት ማውጣትን ከለከለች። ከዚያ ወዲህ ሥራው ከየብስ የተፈለፈለ የኖራ ድንጋይ በኪራይ በተሰጠ የባሕር ክልል ጥሎ፣ ሕይወት እስኪሰፍርበት ጠብቆ ወደ ማውጣት ተለወጠ። የስቱበር ልማድም ንግድ ሆነ፦ ዛሬ ለጀማሪ ከሚሸጠው ኮራል ብዙው ከሌላ ገንዳ ተቆርጦ በትንሽ መቀመጫ ላይ የተጣበቀ ቁራጭ ነው።

በዓሦች በኩልም ለትንሽ ገንዳ የሚሆኑት ዕድለኞች ናቸው። ክላውን ዓሣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፍሎሪዳ ለገበያ መራባት ጀመረ። በ1968 ከቀይ ባሕር ለሳይንስ የታወቀው ሐምራዊው ስዩዶክሮሚስ ፍሪድማኒም ዛሬ በገንዳ ተፈልፍሎ ይሸጣል። እነዚህ ትንንሽ ዓሦች እንቁላላቸውን በአለት ላይ ወይም በዋሻ ውስጥ ጥለው ይጠብቁታል፤ ጫጩቶቻቸውም ሲወጡ ጠንከር ያሉ ናቸው። ትላልቆቹ የሪፍ ዓሦች ግን እንቁላላቸውን በሰፊው ባሕር ይበትናሉ፤ ጫጩቶቹም ከደቃቅነታቸው የተነሣ የሚበሉትን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ቢጫው ታንግ ለመጀመሪያ ጊዜ በሃዋይ በገንዳ ያደገው በ2015 ነው።